ለሸማኔው የሚጠይቅለት ማነው?

በጥንቱ የሙግት ሥርዓታችን ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ ድረስ አንዱ ከሌላው እንዳያመልጥ ነጠላ በነጠላ ይታሰሩ ነበር። ቁራኛ ይባላል። ዳኛው ፊት ሲደርሱ አንዱ «ተጠየቅ!» ይላል፣ ሌላው «ልጠየቅ!» ብሎ ይቆማል። በወጉ መሠረት ነጠላው አንዴ ከታሰረ በኋላ «ዛሬ ስብሰባ ላይ ነኝ፣ ሌላ ቀን ተመለስ» የሚባል ነገር የለም። ጠያቂንና ተጠያቂን አንድ ላይ ያሰረው ያ ነጠላ ታዲያ ሠሪ ነበረው። ለዛሬ ስለ ሠሪው እንነጋገር። ጥያቄዬ አጭር ናት፦ ሸማኔው ሲበደል በእሱ ስም ሚኒስትሩን «ተጠየቅ!» የሚልለት ማነው?

ሸማኔ ሲባል አዲስ አበቤ ቶሎ የሚታየው ዶርዜ ነው። ዶርዜ ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ በሚያወጣው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ፣ በጋሞ ደጋ የሚገኝ አገር ነው። ከቀርከሃ ተጎንጉነው የሚሠሩት ረጃጅም ቤቶቹ በቱሪስት ፖስተር ላይ ስላሉ ያላየቸው የለም። ከተሜው ግን ለዝርዝር ጊዜ የለውም፤ ሰውየው ከዶኮ ይምጣ ከጨንቻ፣ ሽመና ላይ የተቀመጠውን ጋሞ ሁሉ «ዶርዜ» ብሎ ይጠራዋል። የጋሞ ደጋ በ1890 ዓ.ም. አካባቢ በምኒልክ ጦር ወደ ማዕከላዊው መንግሥት ከተጠቃለለ በኋላ ሸማኔዎቹ ጥበባቸውን ይዘው ወደ አዲሲቱ ዋና ከተማ መምጣት ጀመሩ። እንጦጦ ግርጌ፣ ጉለሌና ሽሮ ሜዳ ሰፈሩ። መኳንንቱን አለበሱ፣ ከዚያ ከተሜውን አለበሱ፤ በኋላም በባሕር ማዶ ያለውን ዘመዳችንን ለሠርግና ለጥምቀት አለበሱ። ዓመቱን ሙሉ ሲወረውሩ ይከርሙና ለመስቀል ቅቤውንና ልብሱን ሸክፈው ወደ አገራቸው ይጎርፋሉ።

ይህ ሰው የመጣው መጠየቅ ከሚታወቅበት አገር ነው። በጋሞ ዱቡሻ የሚባል ሸንጎ አለ። ዱቡሻ ማለት ሰዎቹም ናቸው፣ የሚሰበሰቡበት ሜዳም ነው። ስብሰባው በምርቃት ይከፈታል። ተራ ያገኘ ይናገራል፣ ሌላው ያዳምጣል። የመሬት ጠብ፣ የድንበር ነገር፣ የጋብቻ ጣጣ፣ የሹም ጥፋት ሁሉ እዚያ ሜዳ ላይ ይወድቃል። ሀላቃ የሚባለውን ሹም ሕዝቡ መርጦ ያወጣዋል፤ ሹመቱም ከመብላት ይልቅ ማብላት ይበዛበታል፣ ድግሱ የሱ ነውና። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው የመሀል አገር ተረት እዚያ ቢነገር የሚገባው ሰው ያለ አይመስለኝም። ሹሙ ካጠፋ የሚጠየቀውም በዚያው ሜዳ፣ በመረጡት ሰዎች ፊት ነው። ወግ መጣስ ደግሞ እንዲያው ነውር ብቻ አይደለም፤ ጎሜ ነው፣ በሰውየውና በአገሩ ላይ መዓት የሚያመጣ።

ከዶርዜ ብዙም በማይርቀው ኦቾሎ ማርክ አቤሌስ የተባለ ፈረንሳዊ የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ በአብዮቱ ሰሞን ተቀምጦ እነዚህን ሸንጎዎች አጥንቷል፤ መጽሐፉም በ1983 እ.ኤ.አ. ታተመ። እኔን የሚገርመኝ ሰውየው ከዚያ በኋላ የሄደበት ነው። በኦቾሎ የተማረውን ሙያ ይዞ የአውሮፓ ፓርላማን፣ ቀጥሎም የገዛ አገሩን ብሔራዊ ምክር ቤት አጠና። ለእሱ ዱቡሻውም ፓርላማውም አንድ ዓይነት ነገር ናቸው፤ ሰዎች በአንድ ቦታ ተሰብስበው ስለ ጋራ ጉዳያቸው የሚነጋገሩባቸው። እኛ ዘንድ ግን አንዱ «ባህላዊ እሴት» ተብሎ ለበዓል ይወጣል፣ ሌላው «ዘመናዊ ተቋም» ተብሎ በቴሌቪዥን ይታያል፤ ሁለቱ ተገናኝተው አያውቁም። የዱቡሻው ሰዎች ምን ማድረግ እንደሚችሉ ያየነው በመስከረም 2011 ዓ.ም. ነው። በቡራዩና አካባቢው ጋሞዎች ሲገደሉና ሲፈናቀሉ፣ በአርባ ምንጭ ለበቀል የተነሣውን ወጣት የመለሱት እርጥብ ሣር ይዘው መንገድ ላይ የተንበረከኩ አባቶች ነበሩ።

እንዲህ ስል ዱቡሻን ገነት ላደርገው አይደለም። ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው በዚያ ሜዳ ላይ እኩል ወንበር አልነበራቸውም፤ መሬት የሌላቸው፣ ከሌላው ጋር የማይጋቡ ተብለው ተገልለው ኖረዋል። ማጉን የምትፈትለው ሴትም ብትሆን ሸንጎው የወንዶች ነበር። ይህን የማነሣው በምክንያት ነው። የየትኛውም ሸንጎ መለኪያ ጥያቄው መጠየቁ ብቻ አይደለም፤ ማን ጠያቂ ተብሎ ተቆጠረ የሚለውም ነው። በዚህ ሚዛን ትልቁን ሸንጎ፣ ፓርላማችንን፣ እንየው።

የ1923ቱ ሕገ መንግሥት ሁለት ምክር ቤቶች አቋቋመ። ነገር ግን ምክር ቤቶቹ ያለ ንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ ሚኒስትር መጥራት አይችሉም ነበር፤ ሚኒስትሩም ያለ ፈቃድ ገብቶ መናገር አይችልም። ጠያቂም ተጠያቂም ፈቃድ ጠባቂ ነበሩ ማለት ነው። የተሻሻለው የ1948ቱ ሕገ መንግሥት አንድ እርምጃ ሄደ። ምክር ቤት ከጠየቀ ሚኒስትሩ ራሱ ወይም በወኪሉ ቀርቦ በቃል ወይም በጽሑፍ እንዲመልስ አስገደደ። ግን የሚመልሰው ሊወጣ ስላለ ሕግ ለሚቀርብለት ጥያቄ ነው። ስለሚመጣው ይጠየቃል፤ ስላለፈው ጥፋቱ «ተጠየቅ» የሚለው ንጉሡ ብቻ ነው።

ያው ሕገ መንግሥት ኢትዮጵያዊ ሁሉ በፈቀደው ሙያ የመሠማራትና ለዚሁም በሕግ መሠረት ማኅበር የማቋቋም መብት እንዳለው ጽፎ ነበር። «በሕግ መሠረት» የተባለው ሕግ እስኪመጣ ዓመታት አለፉ። በመጨረሻ በ1954 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ላይ መጣ፤ የመጣውም ፓርላማው በሌለበት በሚወጣ ድንጋጌ ነበር። ምክር ቤቶቹ በኋላ አጽድቀውት አዋጅ ቁጥር 210/1956 ሆነ። የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበርም በ1955 ተመሠረተ። ትልቅ ነገር ነው፤ መቃለል የለበትም። ይሁንና ማኅበር ለማቋቋም በአንድ ድርጅት ውስጥ ቢያንስ 50 ሠራተኛ ያስፈልግ ነበር። በደርግ ዘመን ይህ ሁሉ ፈርሶ በሌላ መልክ ተሠራ። ቀጥሎ በ1985 የወጣው አዋጅ ቁጥሩን ወደ 20 አወረደው፤ የ1996ቱ አዋጅ ቁጥር 377 ደግሞ ወደ 10። ከ50 ወደ 20፣ ከ20 ወደ 10 ስንወርድ አርባ ዓመት ፈጀብን። ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ሰድዶ ብቻውን የሚወረውረው ሸማኔ ግን ቁጥሩ ሁሌም አንድ ነው።

በየካቲት 1966 ነገሩ ሊለወጥ የመሰለበት ሳምንት ነበር። የካቲት 26 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ሕገ መንግሥቱ እንደሚሻሻልና ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለፓርላማ ተጠያቂ እንደሚሆን አስታወቁ። በሁለተኛው ቀን፣ የካቲት 28፣ የሠራተኞች አንድነት ማኅበር የመጀመሪያውን አገር አቀፍ የሥራ ማቆም አድማ መታ። ሠራተኛው ለመጠየቅ ረቂቁን አልጠበቀም። ፋብሪካ ቆመ፣ አውቶቡስ ቆመ፤ መንግሥት ተደራደረ። በዚያ ሰሞን ታክሲ ነጂውም፣ አስተማሪውም፣ ተማሪውም፣ ወታደሩም ጥያቄ ነበረው። ሸማኔ መወርወሪያውን ቢያስቀምጥ ግን ማን ይደነግጣል? የሚቆም ማሽን የለውም፤ የሚደራደረው አሠሪም አይታወቅም። አድማው የሚመታው በገዛ ጓዳው ላይ ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እያልን የምንተርተው በእሱ ዕቃ ነው፤ ድሩን የሚወጥረው ሰው ግን ሳያብር ኖረ።

ደርግ በበኩሉ ሸማኔውን በኅብረት ሥራ ማኅበር አደራጀው። ድርና ማግ በማኅበሩ በኩል ይታደል ጀመር። ማኅበር ማለት ግን የሚጠይቁበት ነው ወይስ የሚታዘዙበት? በኋላም 835 አባላት ያሉት ብሔራዊ ሸንጎ ተከፈተ። ስሙን ከአገር ወግ ወሰደ፣ ወጉን ግን ተወው። ጓድ ሊቀመንበርን «ተጠየቅ!» ያለ ሸንጎኛ ማንም አያስታውስም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በወረቀት ረገድ እስከ ዛሬ ካየናቸው ሁሉ ይበልጣል። አንቀጽ 55 የተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለ ሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅና አሠራራቸውን የመመርመር ሥልጣን እንዳለው ይናገራል። ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ከጠየቁም በማንኛውም የአስፈጻሚው ጉዳይ ላይ ይወያያል። ሥልጣኑ አለ። አንድ ሦስተኛው ግን ከየት ይምጣ? በ2007ቱ ምርጫ 547ቱም መቀመጫ በኢሕአዴግና በአጋሮቹ ተያዘ። አንድ ቤተሰብ እራት ላይ ተቀምጦ «ወጡ እንዴት ነው?» ቢባባል መልሱ ይታወቃል።

አንቀጽ 42 ደግሞ ማኅበር የማቋቋም የሠራተኛ መብት ያላቸውን ይዘረዝራል፦ የፋብሪካና የአገልግሎት ሠራተኞች፣ ገበሬዎች፣ የእርሻ ሠራተኞች፣ ሌሎች የገጠር ሠራተኞች፣ ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ያሉ የመንግሥት ሠራተኞች። በቃል ላይ መቆም የቀድሞ ሙያዬ ነውና እስቲ እዚህ እንቁም። ሸማኔው ዶርዜ ሳለ «ሌሎች የገጠር ሠራተኞች» በሚለው ውስጥ ሊገባ ይችላል። አውቶቡስ ተሳፍሮ ሽሮ ሜዳ ሲወርድ ከዝርዝሩ ይወጣል። እርግጥ አንቀጽ 31 ለማንኛውም ሰው የመደራጀት መብት ይሰጣል፤ መደራጀትና በሠራተኛነት ተደራጅቶ ከአሠሪ ጋር መደራደር ግን አንድ አይደሉም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁም አንቀጽ 3 ላይ ነገሩን ይዘጋዋል፤ በራሱ የንግድ ሥራ ወይም የሙያ ኃላፊነት ዋጋ እየተከፈለው የሚሠራን ሰው አይመለከትም። የ2011ዱ አዋጅ ቁጥር 1156ም ይህን አልለወጠም። በአርባ ምንጭ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የተቀጠረ ሰው የዓመት ፈቃድ፣ የሥራ ሰዓት፣ የጉዳት ካሣ በሕግ ተጽፎለታል። ያንኑ ጥጥ ተራራው ላይ የሚሸምነው ጎረቤቱ አልተጻፈለትም።

«እሱማ የራሱ ጌታ ነው» የሚል ይኖራል። ነውን? ከሸማኔው ብዙው ድሩን ከነጋዴ በዱቤ ይወስዳል፤ የሠራውን ለዚያው ነጋዴ በቁራጭ ያስረክባል፤ ዋጋውን ነጋዴው ይነግረዋል። ገና ዕቃ ያልገዛው ወጣት ደግሞ በሌላ ሰው ቤት ለምግብና ለመኝታ ይሸምናል። የራሱ ጌታ የሆነው ሲታመም ብቻ ነው፤ ማንም ፈቃድ አይከለክለውም፣ ማንም አይከፍለውም።

እሺ፣ ሠራተኛ ካልሆነ ሸማች ይሁን። ሸማችና ሸማኔ በፊደል ጎረቤት ናቸው፤ አንዱ ከሸመተ፣ ሌላው ከሸመነ ይመጣል እንጂ ዝምድና የላቸውም። በሕጉም እንዲሁ ሆኗል። በ2002 የወጣው የንግድ አሠራርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 685፣ ሸማች የሚለው ለግሉ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛን ሰው ነው፤ ለማምረቻ ወይም መልሶ ለመሸጥ የሚገዛውን አይደለም። የ2006ቱ አዋጅ ቁጥር 813ም በዚሁ መንገድ ሄደ። ስለዚህ የሸማኔው ድር ዋጋው ሲንር እሱ ሸማች አይደለም፤ ለማምረት ነውና የገዛው። በ2003 ዓ.ም. መንግሥት በመሠረታዊ ዕቃዎች ላይ የዋጋ ጣሪያ ሲያወጣ የታሰበውም ለጓዳ ነበር። ጣሪያው ጥቂት ወራት ቆይቶ ከአብዛኞቹ ዕቃዎች ላይ ተነሣ፤ ሸማኔውም ከሁላችን ጋር ዘይት ፍለጋ ተሰለፈ። በዘይቱ ሰልፍ ላይ ሸማች ነው። በድሩ ላይ ምንም አይደለም።

እዚህ ላይ ግን የሸማቹ መብትና የሸማኔው እንጀራ የሚገናኙበት አንድ ቦታ አለ። ከውጭ በማሽን ታትሞ የሚመጣ የጥበብ አምሳያ ገበያውን ማጥለቅለቁን ሽሮ ሜዳ ሄዶ ያየ ያውቃል። ገዢዋ የእጅ ሥራ መስሏት የእጅ ሥራ ዋጋ ከከፈለች ተታልላለች፤ የሸማች ጥበቃው አዋጅ ስለ ዕቃው ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቷት ነበር። መብቷ ቢከበር፣ ማለትም የእጁ «የእጅ» የማሽኑ «የማሽን» ተብሎ ቢሸጥ፣ ሸማኔው ድጎማም ልዩ እርዳታም ሳያስፈልገው ግማሽ እፎይታ ያገኝ ነበር። አንድ የፓርላማ ጥያቄ ሁለት ሰው ታድን ነበር ማለት ነው። ጥያቄውን ግን የሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስትሩ «የንግድ ነው» ይሉታል፣ የንግዱ «የባህል ነው»፣ የባህሉ ደግሞ ኤግዚቢሽን ያዘጋጁለታል።

ይህ የእኛ አገር ብቻ እርግማን አይደለም። የፓርላማ እናት በምትባለው እንግሊዝ የፋብሪካ ማሽን የእጅ ሸማኔውን ሲጥለው ሸማኔዎች በሺህ እየፈረሙ አቤቱታ አቀረቡ። በ1833 እ.ኤ.አ. የወጣው የፋብሪካ ሕግ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያሉትን ሕፃናት ሰዓት ገደበ፤ ቤቱ ለሚሸምነው ግን አልደረሰም። በ1834 እና በ1835 ምክር ቤቱ ኮሚቴ አቋቁሞ ሸማኔዎቹን አስቀርቦ ሰማ። ኮሚቴው የሸማኔን ዋጋ የሚወስን ቦርድ ይቋቋም የሚለውን ሐሳብ ደገፈ። ምክር ቤቱ ሐሳቡን ጣለው። ሌላ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ በ1841 ሪፖርቱ ሲወጣ የተነገራቸው ሕግ የሚያደርግላቸው ነገር እንደሌለና ሌላ ሥራ ቢፈልጉ እንደሚሻል ነበር። በርኅራኄ ተሰሙ፣ በጨዋ ቋንቋ ተሸኙ። ያም ሆኖ አንድ ነገር ቀረ፤ የሸማኔዎቹ ቃል በፓርላማ መዝገብ ላይ አለ። ማን ስንት ያገኝ እንደነበር፣ ምን ይበላ እንደነበር ዛሬም ይነበባል። የኛዎቹ ቃል ግን በየትኛው መዝገብ ይገኛል? ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅትም በቤት ውስጥ ስለሚሠራ ሥራ ስምምነት ለማውጣት እስከ 1996 እ.ኤ.አ. ጠብቋል፤ ያጸደቁትም አገሮች ጥቂት ናቸው።

ጠያቂ ማጣት ዋጋው ስንት እንደሆነ የሚያሳየን ልጁ ነው። ከጋሞ ደጋ «ከተማ ወስጄ አስተምረዋለሁ» ተብለው መጥተው ሽመና ላይ የሚቀመጡ ሕፃናት ነገር አዲስ አይደለም። የአሜሪካ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በሕፃናት ጉልበት የሚመረቱ ዕቃዎችን በሚዘረዝርበት ሰነዱ የኢትዮጵያን የእጅ ሽመና ጨርቅ አስገብቶታል። አዋጅ 1156 የሥራ መጀመሪያ ዕድሜን ከ14 ወደ 15 ከፍ አድርጓል፤ መልካም ነው። ግን አዋጁን የሚያስከብረው ተቆጣጣሪ የሚገባው ድርጅት ውስጥ ነው። የሰው ጓዳ ድርጅት አይደለም። አባትየውን «ሠራተኛ አይደለህም» ብሎ ከሕግ ያወጣ አገር፣ ልጁን በዚያው ጓዳ ውስጥ ሲያጣው ሊደነቅ አይገባም።

በ2014 ዓ.ም. የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ቀርቶ የሠራተኛው ጉዳይ ወደ ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ገባ። ስሙ ላይ የነበረው «ሠራተኛ» ወጥቶ «ሥራ» ቀረ። አንዳንዱ ቃል ሳይታሰብበት እውነት ይናገራል። ሥራውንና ክህሎቱን ቆጥረናል፣ አውደ ርዕይ ላይ አጨብጭበንለታል፤ ሰውየውን ግን አልቆጠርነውም።

ታዲያ ምን ይጠየቅ? ፍልስፍና አያስፈልገውም። አንደኛ፣ ድሩን ሰጥቶ ጨርቁን ተረክቦ ዋጋውን የሚወስነው ነጋዴ እንደ አሠሪ የማይጠየቀው ለምንድነው? ሁለተኛ፣ የ2011ዱ አዋጅ ዝቅተኛውን ደመወዝ የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ሲደነግግ በቁራጭ የሚከፈለው ሰው ከሒሳቡ ውስጥ አለ ወይስ የለም? ሦስተኛ፣ በማሽን የታተመው ጨርቅ «የአገር ባህል» ተብሎ ሲሸጥ የሚጠየቀው የትኛው ሚኒስትር ነው? ሦስት ጥያቄ፣ ሦስት ደቂቃ።

በሕገ መንግሥቱ መሠረት የተወካዮች ምክር ቤት ዓመታዊ ሥራውን የሚጀምረው በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ነው። መስቀል መስከረም 17 ነው። ሸማኔው አገሩ ገብቶ ቅቤውን የሚቀባበት፣ ተመራጩም ወደ አዲስ አበባ ከመመለሱ በፊት ከመራጩ ጋር የሚሰነብትበት ሰሞን አንድ ነው። ሜዳው እዚያው አለ፣ አባቶችም አሉ። ዘንድሮ ግን ማጉን የምትፈትለዋም፣ ሸክላ ሠሪውም፣ ቆዳ ፋቂውም ከሜዳው ይቀመጡ። ከዚያ ተመራጩን መሀል አቁመው አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁት፦ «ባለፈው ዓመት ስለ እኛ ምን ጠየቅህ?»